ጠልሰም፣ ዝተትና ሸራ፦ የጂኦሜትሪ ጥያቄ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ረቂቅ ሥዕል



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ረቂቅ ሥዕል ውስጥ የምናየው ጂኦሜትሪ ከወዴት መጣ? አንዳንዶች «ከአውሮፓ የተዋስነው ነው» ይላሉ፤ ሌሎች «ከጥንትም የእኛው ነው» ይላሉ። ሁለቱም ሥዕሉን ሳያዩ ሊነገሩ የሚችሉ መልሶች ስለሆኑ አያረኩኝም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ፖርቱጋላዊው አልማዳ ኔግሬይሮስ የ15ኛውን ክፍለ ዘመን የቅዱስ ቪንሴንት ሥዕሎች ውስጣዊ ልክ ለብዙ ዓመታት መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 ደግሞ በሊዝበን የጉልቤንኪያን ተቋም ግድግዳ ላይ «መጀመር» የተሰኘውን የጂኦሜትሪ ሥራ ሠራ። በእርሱ ዘንድ አሮጌውንና አዲሱን የሚያገናኘው ድልድይ የራሱ የሠዓሊው ጥናት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕልን የተማረው በጀርመን ኮሎኝ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩና ክበቦቹን ሁሉ ከብራና ሥዕል መምዘዝ ችኮላ ይሆናል። እስክንድር ቦጎሲያን ግን ሌላ ነው። ከፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የጠልሰም ክታብ ዓይኖች፣ መረቦችና ረዣዥም ዐምዶች በሥራዎቹ ላይ በግልጽ ይነበባሉ። ዘሪሁን የትምጌታም ሥዕሉን በጠባብ የቀርከሃ ዘንጎች ላይ ሲሠራ የሸማኔን ስፋትና የክታብን ቁመት በአንድነት ያስታውሰናል።

አሁን የመንዝን ዝተት እንመልከት። በሸማ ዕቃ ላይ ማግ ድርን የሚያቋርጠው ቀጥ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሰያፍ መስመር የሚወጣው ደረጃ በደረጃ ነው። ማዕዘናዊው ቅርጽ የተወለደው ከመሣሪያው ነው ማለት ነው። የአንድ ዘመናዊ ሸራ አራት ማዕዘን ከዝተት ጥለት ጋር ቢመሳሰል መመሳሰሉ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። ዝምድና ለማለት ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን፦ ሠዓሊው የተጓዘበትን የትምህርት መንገድ፣ የሥራውን ውስጣዊ አሠራር፣ የባለ ሥራውንም ቃል።

ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ነው። ዝተትን የሠዓሊ «ምንጭ» ብቻ አድርገን ስንጠራው የበጉን ጸጉር የፈተለችውን ሴትና የሸመነውን ሰው ስም አልባ ጥሬ ዕቃ እናደርጋቸዋለን። የሠዓሊው ስም በሙዚየም ተጽፎ ይኖራል፤ የእነርሱ ከጨርቁ ጋር ያልቃል። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘመናዊ ሥዕላችንን ከአገሪቱ የአስተሳሰብ ታሪክ ጋር አያይዛ አንብባዋለች። ያ ታሪክ የሸማኔውንም አሳብ ማካተት አለበት።

ስለዚህ አደራዬ ለተማሪዎቼ ነው። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ ስትወጡ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። የሠሪውን ስም፣ ጥለቱን እርሱ የሚጠራበትን ስም፣ ከማን እንደ ተማረም ጻፉ። ያን ጊዜ ስለ ምንጭ የምንናገረው በማስረጃ ይሆናል።