ብጉርና የወጣቶች ኀዘን

ልጅ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ፊቱ ብጉር ማውጣት ይጀምራል። ወላጆች ይኸንን የዕድገት ምልክት አድርገው ስለሚያዩት «ያልፋል» ብለው ይተዉታል። ለወላጅ የሚያልፍ የመሰለው ሁለትና ሦስት ዓመት ግን ለልጁ ጓደኛ የሚመርጥበት፣ በክፍል ፊት ቆሞ የሚናገርበት፣ በመስተዋትም ራሱን የሚመረምርበት ዘመን ነው።

አንዳንዲት እናት ልጇ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ስትከናነብ አይታ ጭምትነቷን ታመሰግናለች፤ ልጅቱ ግን የምትሸፍነው ጕንጯን ይሆናል። ፎቶግራፍ ከመነሣት የሚሸሽ፣ ወደ ሠርግ ቤት አልሄድም የሚል፣ ሲነጋገር አገጩን በእጁ የሚሸፍን ልጅ፣ ጠባዩ ተበላሸ ከመባሉ በፊት ያስጨነቀውን ነገር በቀስታ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ነገሩ ቀላል እንዳይደለ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የተደረገ ጥናት ያስረዳል። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ይኸው ጥናት ዕድሜያቸው 18 እና 19 የሆኑ ከ3,700 የሚበልጡ ወጣቶችን ጠይቋል። ብጉር እጅግ የበዛባቸው ወጣቶች ጥቂት ብቻ ካለባቸው ይልቅ ሕይወታቸውን ስለ ማጥፋት ማሰባቸው በሴቶቹ ሁለት እጥፍ፣ በወንዶቹ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ብጉሩ ብቻውን ይኸን ሐሳብ አመጣ ማለት አይደለም፤ አብረው መገኘታቸው ግን ወላጅን ሊያነቃ ይገባል።

ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያቈስለው በገዛ ቤት የሚነገረው ቃል ነው። «ፊትህን ስለማትታጠብ ነው» ይባላል፤ ብጉር ግን ከእድፍ አይመጣም። በጕርምስና ጊዜ የሚበዛው ሆርሞን ከቆዳ ሥር ያሉትን የቅባት ዕጢዎች ያነቃቃል፤ የቆዳው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ በውስጣቸው ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ይቈጣል። ፊትን አብዝቶ መፈተግ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ወደ ግንባር የሚወርድ የጠጕር ቅባትም ቀዳዳዎቹን ሊደፍን ይችላል።

በጠይም ቆዳ ላይ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ ጥቍር ምልክቱ ለወራት ስለሚቈይ፣ ብዙ ወጣቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት የሚያቀላ ቅባት ይገዛሉ። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የተባለ መድኀኒት ፊቱን ለጥቂት ቀን አለስልሶ፣ ሲቈይ ቆዳውን ያሳሳል፤ ራሱም ብጉር ያመጣል። እንደ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለው ተገቢ መድኀኒት ግን ፍሬው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከቈየ በኋላ ነው። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቈርጦ መድኀኒቱን ሊጥለው ይነሣልና ወላጅ በዚያን ጊዜ ያበርታው። ጠባሳ የሚተው ትልልቅ ብጉር የወጣበት ወይም መኖር ሰለቸኝ የሚል ልጅ ከሆነ ግን ሳምንት ሳይቈጠር ወደ ሐኪም ይወሰድ።