«እንደ» እና «ይመስላል»

ባለፈው ክረምት ለአርትዖት የመጣልኝ አንድ አጭር ልብወለድ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ብቻ ሰባት «እንደ» ነበረበት። ጨለማው እንደ ጥቁር ጨርቅ፣ ነፋሱ እንደ ተኩላ፣ ልቧ እንደ ከበሮ... ታሪኩ አያቷ በሞቱ በሳምንቱ በባዶው ቤት ብቻዋን ስለምታድር ልጅ ነው። ለማስፈራት የተጻፈ ነው፤ እኔ ግን እስክሪብቶ ይዤ እቆጥር ነበር። የፈራ አንባቢ አይቆጥርም።

ትምህርት ቤት ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን የለየነው በ«እንደ» መኖርና አለመኖር ነው። ለፈተና ይበቃል። መንፈስ በሚመላለስበት ታሪክ ግን ነገሩ ይለያል። በፍቅር ታሪክ «ዓይኑ እሳት ነው» ቢባል ውሃ ፍለጋ የሚሮጥ የለም። በመናፍስት ታሪክ ግን አንባቢው ቆም ይላል፤ የእውነት እሳት ቢሆንስ? ድባቡ ያለው እዚያ ጥርጣሬ ውስጥ ነው።

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» ይህን በደንብ ሠርቶበታል። ወደ ካውንት ድራኩላ ግንብ እንግዳ ሆኖ የሄደው ወጣት የሕግ ባለሙያ፣ ካውንቱ በግንቡ ላይ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮት ያየዋል። በማስታወሻው አወራረዱን ከእንሽላሊት፣ የተዘረጋ ካባውን ከክንፍ ጋር ያነጻጽራል። እሱ የሚያነጻጽር ነው የሚመስለው። ብዙ ገጽ ካለፈ በኋላ የሌሊት ወፍ የአንዲት ሴት መስኮት ሲደበድብ ግን ያ ክንፍ ማነጻጸሪያ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል። ኤድጋር አለን ፖም በ1839 ባሳተመው ታሪኩ የአሸርን ቤት መስኮቶች ባዶ ዓይን አስመስሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ቤቱን ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ያፈርሰዋል።

አማርኛ ደግሞ የራሱ መላ አለው። «ነጠላው እንደ ቆመች ሴት ነው» ስንል «እንደ» ከሴትየዋ ቀድማ ትደርሳለች፤ አንባቢው ሳያያት «የእውነት አይደለችም» ተብሏል። «ነጠላው በሩ ጥግ የቆመች ሴት ይመስላል» ስንል ግን መጀመሪያ በሩ ጥግ ሴትዮዋ ትቆማለች፣ «ይመስላል» የሚመጣው ካየናት በኋላ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ በመሆኑ ለአንዲት ቅጽበት ሴት አይተናል። ለጸሐፊዋ ይህን በስልክ ሳስረዳት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ «ጋሼ፣ ሌሊት ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለችኝ።

ከሰባቱ አምስቱን ሰረዝን። ከተረፉት አንዱ የምድጃው ፍም ነው፦ አመድ ለብሶ፣ ነፋስ ሲነካው፣ እንቅልፍ እንደሚታገለው ሰው ዓይኑን ይከድናል፣ ይገልጣል። ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ልጅቷ ተኩላ አይታ አታውቅም፣ ፍም ግን በየማታው ታያለች። ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ «ፍሙ እንደ ዓይን አየኝ» የሚል ነበር። «እንደ ዓይን» የሚለውን አወጣን። «ፍሙ አየኝ።» ሌላ ምንም አልነካንም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተከራክረናል። ጸሐፊዋ ጎረቤቱን ሸክላ ሠሪ በጅብ መስላ ነበር። ቡዳ ወደ ጅብ ይለወጣል የሚለው እምነት ባለበት አገር ይህ ዘይቤ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለአንዱ አንባቢ ማነጻጸሪያ፣ ለሌላው ምስክርነት ነው። በዚህ ስም ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ተገልሎ ኖሯል። እሷ «ድባብ ይሰጣል» አለች። አዎ፣ ይሰጣል፤ ቢሆንም ይውጣ አልኩ። ወጣ።

ረቂቅ ልትልኩልኝ ያሰባችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት «እንደ»ዎቻችሁን ቁጠሩልኝ። ጨለማውን በጥቁር ጨርቅ የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን አንቀጽ መጀመሪያ አድርጋችሁ ላኩት።