የደብሊው 211 የጥገና ሂሳብ

ድምፅ፦ የሾፌሩ በር ይከፈታል። ከኮፈኑ ስር አንድ ፓምፕ ለአፍታ ያጉረመርምና ዝም ይላል።

ተራኪ፦
ቁልፉ ገና አልገባም፤ ሞተሩም አልተነሳም። በሩ በመከፈቱ ብቻ የተሰማው ይህ ድምፅ የፍሬኑ ፓምፕ ነው። መኪናው ፋብሪካው ደብሊው 211 ብሎ የመዘገበው የማርቸዲስ ቤንዝ ኢ-ክላስ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2009 ተመርቶ ወደ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። በ2003 ብቅ ያለው ስቴሽን ዋገን ደግሞ ከኋላ ተጨማሪ መቀመጫ ሲገጠምለት ሰባት ሰው ይይዛል። በጀርመን ብዙ ቤተሰብ ያደገበት፣ ብዙ የታክሲ ሾፌርም እንጀራ የበላበት መኪና ነው።

አዲስ ሳለ በአሜሪካ ወደ 50,000 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ዛሬ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ አልወረደም። ገዢን የሚጎዳውም ይኸው ልዩነት ነው። በርካሽ የተገዛው መኪና ጋራዥ ሲገባ የሚጠየቀው በ50,000 ዶላር መኪና ሂሳብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ፍሬኑ ነው። እስከ 2006 የተሠሩት ደብሊው 211 መኪናዎች ከቦሽ ጋር በተሠራ ኤስ.ቢ.ሲ በተባለ የኤሌክትሮኒክስ ፍሬን ነው የሚቆሙት። በተለመደው ፍሬን ፔዳሉ የፍሬን ዘይቱን ገፍቶ ወደ ጎማዎቹ ይልካል። እዚህ ግን እግር የሚረግጠው ፔዳል ሥርዓቱ ደህና ሳለ ለኮምፒውተር መልእክት ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ለእያንዳንዱ ጎማ የሚገባውን ግፊት አስልቶ የሚለቀው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ግፊቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ ያ ፓምፕ ነው። ሥርዓቱ ችግር ሲገጥመው ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጎማዎች ብቻ በቀጥታ በእግር ኃይል ይያዛሉ። ፔዳሉ በጣም ይጠልቃል፣ ይከብዳል፣ መኪናውም ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። ኩባንያው በ2004 ወደ 680,000 መኪና፣ በ2005 ደግሞ ወደ 1.3 ሚሊዮን መኪና ለእርማት ጠርቷል፤ በሁለተኛው ጥሪ ከፍሬኑ ሌላ የኤሌክትሪክ ጉድለቶችም ተካተው ነበር። በ2006 መኪናው ሲታደስ ኤስ.ቢ.ሲ ቀርቶ ወደ ተለመደው ፍሬን ተመለሰ።

ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደሠራ ራሱ ይቆጥራል። የተመደበለት ቁጥር ሲሞላ፣ ምንም ሳይበላሽ እንኳ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል። ክፍሉን በአዲስ ማስቀየር ከእጅ ዋጋው ጋር ከ2,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም አንዳንዴ ከመኪናው ዋጋ ግማሹ ነው። በአሜሪካ ኩባንያው ኋላ ላይ የዚህን ክፍል ዋስትና ወደ 25 ዓመት ስላራዘመ፣ እዚያ ያለ ባለመኪና ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወኪሉን መጠየቅ ይኖርበታል። ለመካኒክ ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የፍሬን ሸራ ለመቀየር እንኳ አስቀድሞ ሥርዓቱ በመመርመሪያ መሣሪያ መጥፋት አለበት። ይህ ሳይደረግ አንድ ሰው በሩን ቢከፍት ፓምፑ ይነሳና ፒስተኖቹ በሙሉ ኃይል ይገፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት እጁ እዚያ ያለ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ቀጥሎ ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትለው የአየር ሞላ ነው። ኤርማቲክ የተባለው ይህ ሥርዓት በብረት ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ይጠቀማል፤ ስቴሽን ዋገኑ በሁሉም ሞዴል ከኋላ አለው። የከረጢቱ ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት በአንድ ጥግ ተቀምጦ ከተገኘ አየር ያፈስሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ መዘግየት ወጪ ያበዛል፤ የሚያፈስሰውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት የሚሠራው ኮምፕረሰር በመጨረሻ ይቃጠላልና። የፊተኛው የአየር ሞላ አንዱ ብቻ ኦሪጂናሉ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ታድሶ የሚሸጠው በጣም ይረክሳል። የስቴሽን ዋገኑ የኋላ ከረጢት ለብቻው ስለሚቀየር ሂሳቡ ይቀልላል።

ሞተር ላይ የምርት ዘመኑ ወሳኝ ነው። ኢ 320 ላይ የነበረው ኤም 112 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ጠንካራ ነው። እሱን የተካው የኢ 350 ሞተር፣ ኤም 272፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ አንድ ከባድ ጉድለት ይዞ ወጣ። የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጋው ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠራ ነበርና ያለ ጊዜው ይበላል። ጥርሱ ሲበላ ካቴናው ይላላል፣ የቫልቮቹ ሰዓት ይዛባል፣ የሞተር መብራት ይበራል፤ የምርመራ መሣሪያው 1200 ወይም 1208 የሚል ኮድ ያነባል። ዘንጉ ራሱ ከጥቂት መቶ ዶላር አይበልጥም። ግን እሱን ለማውጣት ሞተሩ ከመኪናው ወርዶ መፈታት ስላለበት፣ በአሜሪካ ጋራዦች የእጅ ዋጋው ሂሳቡን ወደ ብዙ ሺህ ዶላር ያደርሰዋል። ጉዳዩ እዚያ ፍርድ ቤት ቀርቦ በስምምነት አልቋል። የሞተር ቁጥሩ መጨረሻ ከ468993 በታች የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

በናፍጣ የሚሠራው ባለ ስድስቱ ቪ ሞተር፣ ኦኤም 642፣ ችግሩ የዘይት ማቀዝቀዣው ማሸጊያ ነው። ማሸጊያው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ ከቱርቦው ስር ተቀብሯል። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ቱርቦውና የአየር ማስገቢያው መነሳት አለባቸው፣ ይህም የሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሥራ ነው።

ድምፅ፦ ሶኬት ሲነቀል፤ ጨርቅ ሲጠርግ።

ተራኪ፦
ካምቢዮው ላይ የሚያሳዝነው ትንሽ ነገር ትልቁን መግደሏ ነው። ባለ አምስት ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጎን ላይ የሽቦ መግቢያ ሶኬት አለ። ዙሪያውን የምትዘጋው የጎማ ቀለበት ስትደርቅ የካምቢዮ ዘይት በሶኬቱ ይገባና በሽቦዎቹ ውስጥ እየተሳበ የካምቢዮው ኮምፒውተር ድረስ ይደርሳል። ሶኬቱ ሲነቀል ፒኖቹ በቀይ ዘይት ርሰው ይታያሉ። በጥቂት ዶላር የሚገዛው ሶኬት በጊዜው ቢቀየር ኖሮ ያ ኮምፒውተር ባልተበላሸ። ፋብሪካው መጀመሪያ ይህ ካምቢዮ ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን በ60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር መከረ። የመጀመሪያውን ቃል አምነው ዘይቱን ሳይቀይሩ የነዱ ባለመኪናዎች ዋጋ ከፍለዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ መብራት በአንድ ጊዜ ከበራ መጀመሪያ የሚለካው ባትሪ ነው። ዋናው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ስር ይገኛል፤ ኤስ.ቢ.ሲ ያላቸው ደግሞ ኮፈኑ ስር ሁለተኛ ባትሪ አላቸው። ባትሪ ሲደክም ፍሬኑም ሞላውም ተበላሽተናል ይላሉ። ስለዚህ ሳይለኩ መለዋወጫ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉም ጉድለት የጸዳ የምርት ዓመት የለም። የ2004 ኢ 320 ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ፍሬኑ ግን ኤስ.ቢ.ሲ ነው። ከ2006 እድሳት በኋላ የወጣው ኢ 350 ፍሬኑ ተራ ነው፣ የዘንጉ ጥርስ ግን በሞተር ቁጥሩ መረጋገጥ አለበት። ገዢ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት የአራቱንም ጥግ ቁመት ማመሳከር፣ የካምቢዮውን ሶኬት ማስነቀል፣ የሞተር ቁጥሩን ማንበብና የተቀመጡ ኮዶችን ማስመርመር ይችላል። ሻጩ አዳር አላስፈትሽም ካለ፣ የኤርማቲኩ ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ መጠየቅ ተገቢ ነው።