በፍላጎት የሚታይ ቪዲዮ

በፍላጎት የሚታይ ቪዲዮ ወይም ቪዲዮ ኦን ዲማንድ ተመልካቹ የመረጠውን ፊልም፣ ድራማ ወይም ትምህርት በፈለገው ሰዓት የሚያይበት የስርጭት ዘዴ ነው። መደበኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለሁሉም ያሰራጫል፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ያመልጠዋል። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይላክለታል፤ ሺህ ሰው አንድ ድራማ ከከፈተ ሺህ ጊዜ ይላካል። የዘዴው ዋና ችግር ይህ ነው።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ። ዲቪዲ በፖስታ ቤት በኩል ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ ደግሞ በ2007 ፊልሞችን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ።

አሠራር

1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ሲቀያየር፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ከተያዘ፣ በየሰከንዱ ወደ 1.2 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ይህን የሚችል የቤት መስመር ብዙም የለም። ስለዚህ ቪዲዮው ይጨመቃል፦ ከቀደመው ምስል ያልተለወጠው ክፍል በድጋሚ አይላክም። በዚህ መንገድ መጠኑ በሰከንድ ወደ 5 ሚሊዮን ቢት (5 ሜጋቢት) ሊወርድ ይችላል።

ከዚያም አንዱ ቪዲዮ በተለያየ የጥራት ደረጃ ይዘጋጅና እያንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ በሚቆዩ ቁራጮች ይከፋፈላል። በስልኩ ላይ ያለው ማጫወቻ የመጨረሻው ቁራጭ በምን ፍጥነት እንደደረሰ እየለካ ቀጣዩን በሚመጥነው ጥራት ይጠይቃል። መስመር ሲደክም ምስሉ ከመቆሙ በፊት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። አስቀድሞ የተጠራቀመው ቁራጭ ካለቀ ግን የምትሽከረከረው ክብ ትመጣለች።

ቅጂዎቹ የት አሉ?

ሁሉም ጥያቄ ወደ አንድ ማዕከል ቢሄድ መስመሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ተፈላጊ ቪዲዮዎች በተለያዩ አገሮች ባሉ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አካማይ በዚህ ሥራ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ኔትፍሊክስ ደግሞ የራሱን ሰርቨሮች በኢንተርኔት አቅራቢዎች ግቢ ውስጥ ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ላይ የተጫነን ድራማ ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲከፍት፣ ቪዲዮው ከአዲስ አበባ አይነሳም፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለዋሽንግተን ቅርብ ከሆነ ቅጂ ነው። የባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ ቅጂው በአገር ውስጥ መኖሩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አለዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ በጎረቤት አገር በኩል አልፎ ከባሕር ሥር ገመድ ጋር መገናኘት አለበት።

የዳታ ፍጆታ

ፍጥነት በቢት፣ ጥቅል ግን በባይት ስለሚቆጠር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 2250 ሜጋባይት ይበላል፤ የ1 ጊጋባይት ጥቅል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ጥራቱ ወደ 1 ሜጋቢት ቢወርድ ያው ጥቅል ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ንግግር ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው ድምፁን ለይቶ ቢያዳምጥ፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን፣ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ማጫወቻው ቀድሞ ስለሚያወርድ፣ በመሃል የተዘጋ ቪዲዮ ካልታየው ክፍል ላይም ጥቂት ዳታ ወስዷል።