በቆላ ምድር የጣሊያን ቀይ ወይን፦ የሚጠጣውን ከሚቀመጠው መለየት

(በገንዳ ውሃ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተገለበጠ)

መጠጥ የማትቀምሱ ወገኖቼም ቅር እንዳይላችሁ። የምንነጋገረው ሙቀት በተከማቸ ነገር ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነውና ለዘይትም ለቅቤም ይበጃል።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በሰሜን ጣሊያን ፈጽሜ ስመለስ አንድ ጠርሙስ ባሮሎ ይዤ መጣሁ። ዋጋው ለተማሪ ኪስ የሚከብድ ነበር። ሻጩ «አሥር ዓመት ቢቀመጥ ይበልጥ ይጣፍጣል» ስላለኝ፣ ለልጄ ምረቃ ይሁን ብዬ ለሥራ በተመደብሁበት በዚህ ቆላ፣ ከአልጋዬ ሥር በእንጨት ሣጥን አኖርሁት። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በምረቃዋ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ ስከፍተው ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ወጥቷል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፤ ሽታውም ያረረ ማርማላታ ይመስላል። ልጄ እንዳላፍር ብላ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሻጩ አልዋሸም። የተናገረው ግን በቀዝቃዛ ምድር ቤት ስለሚያልፍ አሥር ዓመት ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ለመሆኑ አንድን ቀይ ወይን ለመቆየት የሚያበቃው ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛው ታኒን ነው፤ ይህም ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር የሚወጣ፣ የበዛ ጥቁር ሻይ ምላስን እንደሚያደርቅ ሁሉ አፍን የሚያደርቅ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው አሲድ፣ ማለትም የወይኑ ኮምጣጣነት ነው። ሁለቱም የበረቱበት ወይን ገና በወጣትነቱ ይሻክራል፤ በዓመታት ግን ይለዝባል፣ መዓዛውም ይሰፋል። ኔቢዮሎ ከተባለው የወይን ዝርያ የሚጠመቀው ባሮሎ፣ ከሳንጆቬዜ የሚጠመቀው ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ፣ በደቡብ ጣሊያንም አልያኒኮ ከዚህ ወገን ናቸው። ባርቤራ በአንጻሩ አሲዱ ከፍ፣ ታኒኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ገና ትኩስ ሳለ ደስ ይላል። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። «ወይን ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለው አባባል የሚሠራው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው።

ገዢው ይህን ከጠርሙሱ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ጣሊያን የወይንን የትውልድ ስፍራ በሕግ መመደብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዲ ኦ ሲ የሚሉት ፊደላት ወይኑ ከተከለለ ስፍራና በተወሰነ ደንብ መሠራቱን ይነግሩናል፤ ዲ ኦ ሲ ጂ ደግሞ ደንቡ የጠበቀ መሆኑን። ባሮሎ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት ይቆያል፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ብሩኔሎ የሚወጣው ከለቀማው በኋላ ባለው አምስተኛ ዓመት መጀመሪያ ነው። ኪያንቲ ክላሲኮ 12 ወራት፣ «ሪዜርቫ» የሚል ቃል የተጨመረበት 24 ወራት ይቆያል። ወይኑ ሳይሸጥ የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ገንዘብ ነውና ዋጋው ላይ ይደመራል። ወደ አገራችን ሲገባ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥና በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተደነገገው ኤክሳይስ ታክስ ይከተላሉ።

እዚህ ላይ ብልህ ገዢ ወደ ታናሽ ወንድም ይመለከታል። ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ ከብሩኔሎ ጋር አንድ ዝርያና አንድ ስፍራ ይጋራል፤ ልዩነቱ ከለቀማው በኋላ ባለው ዓመት ለገበያ መቅረብ መቻሉ ነው። ላንጌ ኔቢዮሎም ለባሮሎ እንዲሁ ነው። ከእነርሱም ዝቅ ባለ ዋጋ ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩትሶና ባርቤራ ዳስቲ ይገኛሉ። ከጥብስና ከክትፎ ጋር ከብዙ ውድ ጠርሙስ ይልቅ ይስማማሉ።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ። ወይን ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥበት ተስማሚ ሙቀት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል። በኬሚስትሪ እንደ ግምታዊ ደንብ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የለውጡ ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ14 ዲግሪ ፈንታ በ34 ዲግሪ የተቀመጠ ወይን አራት ጊዜ ያህል ይፋጠናል። ነገር ግን ቶሎ በሰለ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ለውጥ እኩል ስለማይፋጠን መዓዛው ሳይሰፋ ይበስላል እንጂ አይጎለምስም። ፈሳሹም ሲሞቅ ሰፍቶ ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል።

«ምድር ቤት ብንቆፍርስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥልቅ አፈር የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይይዛል። በአውሮፓ ብርድ አገር ይህ ጥሩ ጓዳ ይሰጣል፤ በእኛ ቆላ ግን አማካዩ ራሱ ከ25 ዲግሪ በላይ ነው። ጉድጓዱ የቀትሩን ግለት ያስቀራል እንጂ ወይን አያስረጅም። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር እንኳ ከእኛ ትሻላለች እንጂ ሙሉ በሙሉ አታሟላም።

ሰሊጥ የምታመርቱ ወገኖቼ ይህን ስሌት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ምርት ይዞ መቆየት የሚያዋጣው ዋጋው ስለሚጨምር ብቻ ሳይሆን መጋዘኑ ደህና ሲሆን ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በቆላ ለሚጠጣ ወይን ታናሽ ወንድሙን ግዙ፣ በወራት ውስጥም ጠጡት። ስትገዙ የለቀማውን ዓመት ተመልከቱ፤ ቡሹ የተገፋ ወይም አንገቱ ላይ የፈሰሰበት ምልክት ያለውን፣ በፀሐይ ፊት የተደረደረውንም ተዉት። ቀይ ወይን «በቤት ሙቀት ይጠጣል» የተባለው ለአውሮፓ ቤት፣ ለ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ለልጅ ምረቃ የምታኖሩት ካለ ጎንደር ላለ ዘመድ አደራ ስጡ፤ ከተቻለም መብራት የማይቋረጥበት ማቀዝቀዣ ይፈለግለት።

ሁለተኛዋ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትመረቃለች። ለእርሷ የሚሆነውን ወይን እስከ አሁን አልገዛሁም፤ በዚያው ሳምንት እገዛዋለሁ።