የቆላ ግቢ ሳር፣ ከሥሩ ሲታይ

ሰርዶ ለገበሬ አስቸጋሪ አረም ነው። ማረሻ ቢቆራርጠውም አይሞትም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንጓው ሥር ሰድዶ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ከማሳው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ይከመራል። ከተማ ውስጥ ግን ያው ግትርነቱ ይፈለጋል። በድሬዳዋ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በጋምቤላ ግቢውን አረንጓዴ ማልበስ የሚፈልግ ሰው ከሰርዶ የተሻለ የአገር ሳር አያገኝም። ሳይንሳዊ ስሙ ሳይኖዶን ዳክቲሎን ነው። በእንግሊዝኛ በቤርሙዳ ደሴት ስም ቢጠራም የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም፤ የአሮጌው ዓለም፣ በተለይም የአፍሪካና የእስያ ሞቃት ምድር ሳር ነው።

ሰርዶ ሙቀትን የሚችልበት ምክንያት በቅጠሉ ውስጥ ይገኛል። ተክል ምግቡን በብርሃን አስተጻምሮ ሲያዘጋጅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ይህን አየር የሚይዝለት ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሩቢስኮ አንድ ድክመት አለበት። ሙቀት ሲጨምር በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅንን ይይዛል፤ ተክሉም የደከመበትን ጉልበት ከፊሉን በከንቱ ያጣዋል። ስንዴና ገብስ፣ እንዲሁም በአውሮፓ ግቢዎች የሚዘሩት አብዛኞቹ ሳሮች በዚህ ይጎዳሉ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ሰርዶ ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ ኦክስጅንን በማይነካ ሌላ ኢንዛይም ይይዙታል፤ ከዚያ አራት ካርቦን ባለው ውህድ መልክ ወደ ቅጠሉ ውስጠኛ ሴሎች አስገብተው ሩቢስኮ ባለበት ያከማቹታል። በአውስትራሊያ ሸንኮራ አገዳን ያጠኑት ማርሻል ሃችና ሮጀር ስላክ ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አብራሩት። ጥቅሙ ድርብ ነው። ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚከበብ ስህተቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቅጠሉም የአየር ቀዳዳዎቹን ብዙ ሳይከፍት የሚበቃውን ስለሚያገኝ ውሃ ይቆጥባል። በዚህ የተነሳ ሰርዶ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይፋፋል። የብርድ አገር ሳሮች የሚመቻቸው ግን ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የብርድ አገር የሳር ዘር ገዝቶ ቆላ ላይ መዝራት ገንዘብንም ውሃንም ማባከን ነው።

በአዲስ አበባ አየር የሚያምረው የኪኩዩ ሳርም ለዝቅተኛ ቦታ አይመከርም። ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ሲሆን የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች ተወላጅ ነው፤ ከባድ ሙቀትና ድርቀት ሲጠናበት ከሰርዶ ቀድሞ ይዝላል። ሰርዶም ቢሆን ጥላ አይወድም፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ እየሳሳ ይሄዳል። ከማንጎ፣ ከኒም ወይም በቀይ አበባው ከሚታወቀው የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ሳሩ ራሰ በራ ሲሆን ብዙ ሰው ውሃና ማዳበሪያ ይጨምርበታል። የጎደለው ግን ብርሃን ነው። እንዲህ ላለው ቦታ ቅጠለ ሰፊው የሴንት ኦገስቲን ሳር ይሻላል፤ ጥላው ከባድ ከሆነ ደግሞ ሳሩን ትቶ ጠጠር ማንጠፍ ወይም ጥላ ወዳድ ተክል መትከል ይበጃል። አፈሩ ወይም የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ በሆነበት አካባቢ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚበቅለው የፓስፓለም ዝርያ ከሰርዶም የበለጠ ይቋቋማል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሜዳዎች ላይ የሚተከለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለስፖርት ሜዳ የሚመረጠው ቲፍዌይ የተባለው ዲቃላ ሰርዶ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ቲፍተን ውስጥ የተገኘ ነው። መሐን ስለሆነና ዘር ስለማያፈራ በቁራጭ ወይም ከነአፈሩ ተነቅሎ በመጣ ምንጣፍ ብቻ ይተከላል።

ተራው ሰርዶም ቢሆን በቁራጭ ሲተከል ይቀላል። መሬቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈርና ድንጋይና የግንባታ ፍርስራሽ ይለቀምለታል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ይቀላቀልበታል። ውሃ እንዳይቋጥር ከቤቱ ወደ ውጭ በመጠኑ ዘቅዘቅ ይላል። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያላቸው ቁራጮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ይቀበሩና ጫፋቸው ብቻ ከአፈር በላይ ይቀራል። ተከላው ዝናብ ሲጀምር ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ወር መሬቱን ይሸፍናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ ጥቂት ጥቂት ውሃ በየቀኑ መስጠት ተገቢ ነው፤ ገና ሥር ያልሰደደ ቁራጭ በአንድ ቀን ፀሐይ ሊደርቅ ይችላል።

ሳሩ ከያዘ በኋላ ያው ልማድ ጎጂ ይሆናል፤ በቆላ ግቢዎች የሚታየው ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ማታ ማታ ጎማ ይዞ ለአሥር ደቂቃ ቅጠሉን ማርጠብ ሳሩን የሚንከባከቡት ያስመስላል። ውሃው ግን ከላይኛው ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ሥሩም እርጥበቱን ተከትሎ እዚያው ይቀራል። በማግስቱ ፀሐይ መጀመሪያ የምታደርቀው ያንኑ የላይኛውን አፈር ነው። ሰርዶ ዕድሉን ካገኘ ሥሩን ከ1 ሜትር በላይ ወደ ታች መስደድ የሚችል ሳር ሆኖ ሳለ በየቀኑ ውሃ ጠባቂ ይደረጋል። ከዚህ ይልቅ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እስኪርስ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። መድረሱን ለማወቅ ረጅም ብሎን መፍቻ መሬት ላይ ይወጋል፤ በእርጥብ አፈር ያለ ጉልበት ይሰምጣል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

መጠኑን መለካትም ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። በሞቃትና ደረቅ ወቅት ሰርዶ በሳምንት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ውሃ መርጫው ባለበት ሜዳ ላይ ጥቂት ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች ተደርድረው በሩብ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደያዙ በማስመሪያ ቢለካ የቀረው ስሌት ነው። አሸዋማ አፈር ውሃን ስለማይዝ መጠኑ ለሁለት ተከፍሎ ይሰጠዋል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ውሃው መንሸራተት ሲጀምር ቆም ብሎ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መቀጠል ያሻል። ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በቀትር ከውሃው ከፊሉ በፀሐይና በነፋስ ይባክናል፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ለፈንገስ የሚመቸውም ይህ ነው። ሳሩ ራሱ ሲጠማው ይናገራል፦ አረንጓዴው ወደ አመድማ ሰማያዊ ያደላል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ሲረገጥም ቶሎ ስለማይነሳ ዱካው ታትሞ ይቆያል። ይህ ምልክት ሳይታይ ማጠጣት አያስፈልግም።

አጨዳም ከሥር ጋር የተያያዘ ነው። ሥር የሚኖረው ቅጠል በሚልክለት ስኳር ነው፤ ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲቆረጥ ተክሉ ያለውን ክምችት አዲስ ቅጠል ለማውጣት ያውለዋል፤ ሥሩ ማደጉን ያቆማል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክሊን ክራይደር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት የሳሮች ቅጠል ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆረጥ የሥር እድገት ለቀናት እንደሚቆም፣ የተቆረጠው በበዛ ቁጥርም ቆይታው እንደሚረዝም አሳይቷል። በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ የሚባለው ለዚህ ነው። በ4 ሴንቲ ሜትር እንዲቆይ የተፈለገ ሳር 6 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይታጨዳል። በዝናብ ወራት ይህ በየሳምንቱ ሊሆን ይችላል፤ በበጋ በወር አንዴ ሊበቃ ይችላል። ለቤት ግቢ ሰርዶ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይስማማዋል፤ ሙቀቱ ሲከፋ ወደ 5 ከፍ ማድረግ አፈሩን ያጠላለታል። ለበዓል ብሎ መሬት እስኪታይ መላጨት ሳሩን ለሳምንታት ያደክመዋል። ማጭዱም ሆነ የማሽኑ ምላጭ ስለታም መሆን አለበት፤ የዶለዶመ ምላጭ ቅጠሉን ስለሚዘነጥለው ጫፉ በሁለት ቀን ውስጥ ይነጣል። የታጨደው አጭር ከሆነ እዚያው ቢበተን በስብሶ ናይትሮጅኑን ለአፈሩ ይመልሳል።

ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ሳር አብዝቶ የሚሻው ናይትሮጅንን ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለያዘ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ፣ ለአንድ ጊዜ ይበቃል፤ በዝናብ ወራት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዩሪያ በሞቃት አፈር ላይ ተበትኖ ከዋለ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ከፊሉ በአየር ይበናል፤ ደረቅ ሳር ላይ በብዛት ከተጣለም ያቃጥለዋል። ስለዚህ ተበትኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣል። የናይትሮጅን ብዛት ቅጠልን ያፋፋል፤ የፋፋው ቅጠል ግን ብዙ አጨዳና ብዙ ውሃ ይጠይቃል፤ ለተባይም ይለሰልሳል። በደረቁ ወቅት ጨርሶ አለመስጠት ነው የሚሻለው። ኖራማ አፈር ባለበት አካባቢ ዩሪያ ተሰጥቶትም የሚገረጣ ሳር አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው ብረት ነው፤ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ኮምፖስት በዓመት አንድ ጊዜ በስሱ መበተን ይህንን ሁሉ ያግዛል፤ አፈሩን ስለሚያለሰልስ ለቆላ ግቢ ከማዳበሪያ ሁሉ ይበልጣል።

ሰው የሚመላለስበትና መኪና የሚቆምበት አፈር ይጠቀጠቃል፤ ሥርም አየር ያጣል። በዝናብ መግቢያ መሬቱ ሲርስ በአትክልት ሹካ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወጉ ማናፈስ ይበቃል። ሰርዶ ከዓመታት በኋላ የሞተ ግንድና ሥር በአፈሩና በቅጠሉ መካከል ይደርባል፤ ንብርብሩ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ውሃ ስለማያሳልፍ በጠንካራ ሬክ ተቧጥጦ ይነሳል።

አረምን በተመለከተ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ራሱ ብዙውን ያስቀራል። እንግጫ ግን ይለያል። ሳር ቢመስልም ሳር አይደለም፤ ግንዱ በጣት ሲሽከረከር ሦስት ማዕዘኑ ይታወቃል። ከመሬት በታች በክር በተያያዙ እንክብሎች ስለሚራባ ቅጠሉን መንቀል ብቻ አይጠቅምም፤ እርጥብ አፈር ላይ ከነእንክብሉ መቆፈር ያስፈልጋል። የሚበዛውም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው። ቅንጬ አረም አበባ ሳያወጣ በጓንት መነቀል አለበት፤ ቆዳንም መተንፈሻንም ያስቆጣልና። ከተባዮች ተምች ዝናብ እንደገባ ሳሩን በጥቂት ቀናት ሊበላው ይችላል። መኖሩ ከተጠረጠረ ጥቂት የልብስ ሳሙና በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ቢፈስስ ትሎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ክብ ክብ ሆኖ ቡናማ የሚሆንን ሳር በመድኃኒት ከማከም በፊት የማታ ውሃና የበዛ ዩሪያ መቆም አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

አንድ 100 ካሬ ሜትር ሳር በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ሲጠጣ 2,500 ሊትር ይወስዳል፤ ይህ ባለ 20 ሊትር 125 ጀሪካን ነው። ቅጠሉ ውሃውን ሲያተን አካባቢውን ስለሚያቀዘቅዝ፣ አቧራም ስለሚይዝ ሳር ለሞቃት ከተማ ጥቅም አለው። ፀሐይ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል የሚችለው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ አይተካውም። ሆኖም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧ ውሃን ለሳር ማዋል አይገባም። የልብስ እጣቢ በረኪና ካልበዛበት ለሳሩ ይሆናል፤ የሳሩን ስፋትም ልጆች ከሚጫወቱበትና ቤተሰብ ከሚቀመጥበት ቦታ አለማሳለፍ ይቻላል። ይህም ካልተገኘ ሳሩን ሳያጠጡ መተው ነው። ሥሩ ጠልቆ የሄደ ሰርዶ በበጋ ገለባ መስሎ ቢደርቅም ከመሬት በታች ያለው ግንዱ ለብዙ ሳምንታት በሕይወት ይቆያል፤ ጥሩ ዝናብ በወረደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜም ከየአንጓው አዲስ ቅጠል ያወጣል።