እንቅልፍ ማጣትና ቍጣ

የመካነ ሰላምና የቦረና ደጋ ገበሬ፥ እንደ መላው የሀገራችን ሰው፥ ሰዓቱን የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሰውነታችንም የራሱን ሰዓት የሚያቃናው በንጋት ብርሃን ነው። በአንጎላችን ሥር 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉት ትንሽ ክፍል ከዓይን የብርሃንን ምልክት እየተቀበለ የመንቃትንና የመተኛትን ጊዜ ይመራል።

ይህ ሰዓት ቍጣንም ይነካል። በ2010 ዓ.ም. የቦስተን ሊቃውንት ወንድ አይጦች እንደ ሰዓቱ አንዴ ጠበኛ፥ አንዴ ጭምት እንደሚሆኑ አስረዱ፤ ከአንጎል ሰዓት ወደ ጠብ ቀስቃሹ ክፍል የሚሄደው መሥመር ሲሰናከል ልዩነቱ ጠፋ፤ ጠበኝነታቸውም በጠቅላላው በረታ። አይጥ ሌሊት የሚነቃ እንስሳ ስለ ሆነ ግን ነገሩ እንዳለ ለሰው አይነገርም።

በሰው ላይ የተደረገውን ምርመራ ብንመለከት፥ በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ 35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ወጣቶች ክፉ ሥዕል ሲያዩ፥ ፍርሃትንና ቍጣን የሚቀሰቅሰው የአንጎላቸው ክፍል ከተኙት ይልቅ 60 በመቶ ያህል አብልጦ ተነሣሣ። ስሜትን የሚገታው ከግንባር ኋላ ያለው ክፍልም ከዚያ ጋር የነበረው ግንኙነት ላላ።

እንግዲህ በአዝመራ ወራት ሰብል ሲጠብቅ ያደረ አባወራ፥ ጨቅላ ስታባብል ያነጋች እናት መራራ ቃል ቢናገሩ፥ ክፉ ጠባይ ነው ብለን አንቸኵል። አስቀድመው ይረፉ፤ የሚያከራክረውም ጉዳይ ካረፉ በኋላ ይታይ። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣት ቍጣን ያፋጥናል እንጂ ሚስትን ወይም ልጅን ለመምታት ምክንያት ሊሆን አይችልም።